ባቡሩ ለምን ሐረር አልወጣም? ለ4ኛ ክፍል የአንድ ሳምንት ትምህርት በድሬዳዋ

ድሬዳዋ የሚማር ልጅ ስለ ባቡር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አሮጌው ጣቢያ ከዚራ ላይ ቆሟል፤ ሐዲዱ አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ ፉርጎ ሲጠግን የኖረ ጡረተኛም በየሰፈሩ አይጠፋም። ይህ ሁሉ ደጃችን ላይ እያለ ትምህርቱ ሰሌዳ ላይ በተጻፈ የአራት መስመር ማስታወሻ ሲያልፍ ማየት ያሳዝነኛል። ከዚህ በታች ያለው ዕቅድ አንድ የ4ኛ ክፍል መምህር አማርኛን፣ ሒሳብን፣ አካባቢ ሳይንስን፣ ሥነ ጥበብንና ሰውነት ማጎልመሻን በአንድ ጉዳይ ዙሪያ አስተሳስሮ ለአምስት ቀን እንዲያስተምር የሚያግዝ ነው። ያዘጋጀሁት 60 ያህል ተማሪዎች ላሉት የጠዋት ፈረቃ ክፍል ነው፤ የእናንተ ቁጥር ከዚህ ካነሰ ሥራው ይቀላችኋል።

ሳምንቱ በአንድ ጥያቄ ይታሰራል፦ ባቡሩ ለምን ሐረር ሳይወጣ ድሬዳዋ ላይ ቀረ? «ስለ ባቡር እንማራለን» ብላችሁ ብትጀምሩ ልጆቹ እንድታወሩላቸው ይጠብቃሉ። ጥያቄ ሲቀርብላቸው ግን ይገምታሉ፣ ይለካሉ፣ ሽማግሌ ይጠይቃሉ። በዚህ ጥያቄ ላይ የሚያስደስተኝ ደግሞ መልሱን ክፍል ውስጥ በአንድ ቁራጭ ቆርቆሮና በአንድ ብር ሳንቲም መፈተሽ መቻሉ ነው።

መምህሩ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ታሪክ

የሐዲዱ ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የታሰበው መስመሩ ሐረር እንዲደርስ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የምሥራቁ ንግድ ማዕከል ሐረር ነበረችና። ነገር ግን ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,880 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ከተራራው ሥር ያለው ሜዳ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ያንን ዳገት በሐዲድ መውጣት ብዙ ቆረጣና ድልድይ፣ ብዙም ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ መስመሩ ቆላውን ይዞ እንዲቀጥል ተወሰነ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ በጣቢያው ዙሪያ የተቆረቆረችውም ከተማ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን እሱም ድሬዳዋን ነክቶ በቆላው ያልፋል እንጂ ሐረር አይወጣም።

ይህን ታሪክ ሰኞ ዕለት ለልጆቹ አትንገሯቸው። ለራሳችሁ ያዙትና በየቀኑ ከሚያገኙት ጋር እያጣጣማችሁ ቀስ በቀስ አውጡት።

ከሳምንቱ በፊት የሚያልቁ ሥራዎች

ወሩን በጥንቃቄ ምረጡ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ የድሬዳዋ ሙቀት የሚበርድበት ስለሆነ ለእግር ጉዞ ይመቻል። የረመዳን ሳምንታትን ተዉአቸው፤ የሚጾሙ ልጆች በፀሐይ ውስጥ ተጉዘው ውኃ መጠጣት አይችሉም። መጋቢትና ሚያዝያም በበልጉ ዝናብ ምክንያት አይመከሩም። ከተማዋን የሚያቋርጠውን አሸዋማውን የደቻቱ ወንዝ ተሻግሮ የሚመጣ ትምህርት ቤት ይህን ማስጠንቀቂያ ከሁሉ አስቀድሞ ያንብብ፦ ከተማው ውስጥ ፀሐይ እየወጣ ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ አሸዋውን በደቂቃዎች ውስጥ ወንዝ ያደርገዋል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈው በዚሁ መንገድ ነው። ልጆች የሚሻገሩት በድልድይ ብቻ ነው፤ በአሸዋው ላይ አቋራጭ የለም።

ቀጥሎ ዕቅዱን ለርዕሰ መምህሩ አቅርቡ። አንድ ሳምንት ከመጽሐፉ መውጣት ትምህርት ማስቀረት የሚመስላቸው አሉ። ስለዚህ በዕለታዊ ዕቅዳችሁ ላይ እያንዳንዱ ሥራ የትኛውን የመጽሐፍ ክፍል እንደሚሸፍን ጻፉ፦ ርዝመት መለካት፣ አራት ቤት ባላቸው ቁጥሮች መቀነስ፣ ሰበቃ፣ የሙቀት ውጤት፣ ቃለ መጠይቅ፣ አጭር ድርሰት። ይህ ሰንጠረዥ ከተዘጋጀ ሱፐርቫይዘርም ቢመጣ የምትመልሱት አታጡም። ጣቢያውንና የጥገና ወርክሾፑን ለመጎብኘት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በጊዜ ይላክ። ፈቃዱ ባይገኝ እንኳ ጉዞው አይቀርም፤ ከጣቢያው ፊት ለፊት ቆሞ መመልከትና መሣል ይበቃል።

ከትምህርቱ ሳምንት በፊት ባለው ሐሙስ ልጆቹን «ከቤተሰባችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ ምድር ባቡር የሠራ ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። እጅ ይወጣል። ወደ አባትየው ወይም ወደ አያትየው ራሳችሁ ሄዳችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ለምኑ፤ በልጅ አፍ የተላከ ግብዣ ለትልቅ ሰው አይሆንም።

ቁሳቁሱ ቀላል ነው። 8 ሜትር ሲባጎ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ኖራ ወይም የተነፋ አመድ፣ ጠርዙ የታጠፈ የክንድ ያህል ቆርቆሮ፣ ላጲስ፣ ሳንቲም፣ ባዶ ካርቶኖች፣ ቆርኪና ሙጫ። ቆርቆሮው ካልታጠፈ እጅ ይቆርጣልና ለሠራተኛ ሰጥታችሁ አሳጥፉት። ካርቶንና ቆርኪ ከሱቅና ከሻይ ቤት በነፃ ይገኛል፤ ልጆቹ ሲለምኑ ባለሱቁ ለምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም፣ ወሬውም ሰፈር ይገባል። ዓርብ ዕለት ወላጆችን ከሚያመጧቸው ነገሮች አንዱ ይህ ወሬ ነው።

ሰኞ፦ ግምትና ሁለቱ ሐዲዶች

ጥያቄውን በትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። እያንዳንዱ ልጅ በቁራጭ ወረቀት ግምቱን ይጻፍ፤ ወረቀቶቹ ሁሉ ከጥያቄው ሥር ይለጠፉ። «ሐረር ጅብ ስላለ» የሚል ይኖራል፤ «ገንዘቡ አልቆባቸው» የሚልም ይኖራል። አንዱንም አታርሙ፣ ማንንም አታስቁበት። መምህሩ ሰኞ ዕለት ትክክለኛውን ግምት ካሞገሰ ማክሰኞ የሚፈትሽ ልጅ አይገኝም።

ከዕረፍት በኋላ ወደ ሜዳ ውጡ። በኖራ ሁለት ጥንድ መስመሮች አስምሩ። የመጀመሪያው ጥንድ በመካከሉ አንድ ሜትር ይኑረው፤ ይህ የአሮጌው ሐዲድ ስፋት ነው። ሁለተኛው 143 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ይሁን፤ ይህ የአዲሱ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ለሁለቱም ይበቃል። መለካቱን ለልጆቹ ተዉላቸው። ሁለት ልጅ ጫፍና ጫፍ ይዞ፣ ሦስተኛው ቁጥሩን አንብቦ፣ አራተኛው ኖራውን ይረጫል። መስመሩ ተጣሞ ሰፍቶ ጠብቦ ይወጣል፤ ያኔ «ባቡሩ እዚህ ጋ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ይወድቃል!» ይላሉ፤ ሳትነግሯቸውም በየአንድ እርምጃው ዳግመኛ ይለካሉ። ልኬት ለምን ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የሰውነት ማጎልመሻው ክፍለ ጊዜ እዚያው ይቀጥል። ልጆች ጎን ለጎን ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ከፊታቸው ያለውን ትከሻ ይዘው፣ ውጭ ውጭ ያለው እግራቸው መስመሩን ሳይለቅ ይሂዱ። በጠባቡ የሄዱት እግራቸውን ሳያሰፉ በሰፊው ይሞክሩት። የአሮጌው ባቡር ጎማ በአዲሱ ሐዲድ ላይ መሄድ የማይችለው ለምን እንደሆነ እግራቸው ይነግራቸዋል።

ማክሰኞ፦ ሲባጎው፣ ከዚያም ዳገቱ

ጠዋት ሒሳብ ነው። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በአሮጌው መስመር 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ አዲስ አበባ ጠቅላላው 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ሴንቲ ሜትርን በአንድ ኪሎ ሜትር ተክተን ሲባጎውን ከግድግዳ ግድግዳ እንወጥራለን፦ ድሬዳዋ 3 ሜትር ከ10 ላይ፣ አዲስ አበባ 7 ሜትር ከ80 ላይ ይውላሉ። ክፍሉ ካጠረ ሲባጎው ማዕዘኑን ይዙር። ከዚያ ክፍሉን እያንዳንዳቸው አምስት ልጆች ላሏቸው 12 ቡድኖች ክፈሉና ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ጣቢያ ስጡ፦ ጅቡቲ፣ አሊ ሳቢህ፣ ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሽንሌ፣ ድሬዳዋ፣ ኤረር፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ አዳማ፣ አዲስ አበባ። ቡድኑ የጣቢያውን ስም በካርቶን ጽፎ በቅደም ተከተሉ ይሰቅላል። ስሞቹን እያጨበጨቡ በዜማ ቢሏቸው በአንድ ቀን ይይዟቸዋል፤ በእግረ መንገዱም ካርታ ማንበብ ይጀምራሉ።

በሲባጎው ሥር ዓመቶቹን ጻፉና አቀናንሷቸው። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ለመድረስ ስንት ዓመት ፈጀ? 1909 ሲቀነስ 1895፣ 14 ዓመት። አሮጌው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ስንት ዓመት ቆይቶ አዲሱ መስመር ተመረቀ? ድፍን መቶ። ይህ ቁጥር ሲወጣ ክፍሉ ይንጫጫል፤ ይንጫጫ።

ከዕረፍት መልስ የሳምንቱ ዋና ሙከራ ይደረጋል፤ ጊዜ አትቆጥቡበት። ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ አኑሩና የላይኛው ጫፍ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። በዚያው ጫፍ ሥር የተማሪ መጽሐፍ አንድ በአንድ ጨምሩ፤ ሳንቲሙ በስንተኛው መጽሐፍ ተንሸራተተ? ቁጥሩን መዝግቡ። አሁን በሳንቲሙ ቦታ ላጲስ አድርጋችሁ እንደገና ከአንድ ጀምሩ። ላጲሱ ሳንቲሙ ከተንሸራተተበት ከፍታ በጣም አልፎም እንደተጣበቀ ይቆያል። እያንዳንዱ ቡድን በየተራው ይሥራው፤ ውጤቱም በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ይሙላ። ቡድኖቹ ያገኙት ቁጥር በአንድ ወይም በሁለት መጽሐፍ ቢለያይ አታስተካክሉት፤ ለምን እንደተለያየ ይወያዩበት።

ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ የባቡር ጎማ ከምን ተሠራ? ሐዲዱስ? ጠንካራና ለስላሳ የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ በቀላሉ ስለሚንከባለል ባቡር በሜዳ ላይ ያን ሁሉ ጭነት በትንሽ ጉልበት ይጎትታል፤ ዳገት ላይ ግን ያው ልስላሴ ጎማውን ያንሸራትተዋል። ጥቅሙና ጉዳቱ ከአንድ ምንጭ መምጣታቸውን ልጆች እንዲያስተውሉ አድርጉ፤ የትምህርቱ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ «ታዲያ ኢሱዙ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት እንዴት ይወጣል?» በሉ። የላስቲክ ጎማውንና ዙሪያ ጥምጥም የሚሄደውን መንገድ ራሳቸው ያነሱታል፤ አብዛኞቹ በዚያ መንገድ ዘመድ ለመጠየቅ ሄደውበታልና። በመጨረሻም 1,880 ሲቀነስ 1,200 ብላችሁ ዳገቱ 680 ሜትር ገደማ መሆኑን በቁጥር ይዩት።

ረቡዕ፦ ጣቢያውና ሽማግሌው

ከጠዋቱ 1:30 ውጡ፣ 4:00 ሳይሞላ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የድሬዳዋ ፀሐይ ለልጅ አይሆንም። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሰለፉ፤ ቢያንስ አራት አዋቂ ይኑር፤ አንዱ መጨረሻ ላይ ይሁን። ባጃጅ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ መንገድ የሚሻገሩት ሁሉም ቆመው ከተቆጠሩ በኋላ ነው። ውኃ እያንዳንዱ ልጅ በሃይላንድ ይያዝ።

ጣቢያው ላይ ልጆች ዝም ብለው አይንከራተቱ። በደብተራቸው ሦስት ሥራ ይዘው ይምጡ፦ ከብረት የተሠራ አንድ ነገር መሣል፣ በአማርኛ ያልተጻፈ አንድ ጽሑፍ እንዳለ መገልበጥ፣ አንድ ጥያቄ መጻፍ። አስጎብኚ ካለና አገልግሎት በማይሰጥ ሐዲድ ላይ ከሆናችሁ የሁለት ሐዲዶችን መጋጠሚያ አሳዩአቸው። አንድ ልጅ ተንበርክኮ ማስመሪያውን ክፍተቱ ላይ ያድርግና ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ጮክ ብሎ ያንብብ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ 12 ሜትር የሆነ ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ክፍተቱ ባይኖር በዚህ ቆላ ሐዲዱ ይጎብጥ ነበር። ባቡር በሚሄድበት መስመር ላይ ግን ማንም ልጅ አይቁም፣ አይቀመጥም።

ሽማግሌውን ከተቻለ እዚያው ጣቢያው አጠገብ ጥላ ሥር አስቀምጧቸው፤ ካልተቻለ ክፍል ይምጡ። ወንበርና ውኃ አስቀድሞ ይዘጋጅ። ከግማሽ ሰዓት በላይ አታድክሟቸው። ጥያቄዎቹን ማክሰኞ ማታ አጣሩ። «የባቡር ጥቅም ምንድን ነው?» የሚለውን አውጡት፤ ይህ የፈተና ጥያቄ ነው፣ መልሱም የፈተና መልስ ይሆናል። እነዚህን የመሰሉት ይቅሩ፦ «አባባ፣ ሥራ የጀመሩ ቀን መጀመሪያ የሰጡዎት ሥራ ምን ነበር?» «ሌሊት ባቡሩ ሲመጣ በምን ያውቁ ነበር?» «በመንገድ ላይ ሲበላሽ ምን ትበሉ ነበር?» ስለ ነገር የሚጠይቅ ጥያቄ ትዝታ ያወጣል።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልበል፤ በጣም ስለማምንበት ነው። ሽማግሌው በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ መናገር ከመረጡ በአማርኛ እንዲናገሩ አትጫኗቸው። ቋንቋውን የሚያውቅ ልጅ አጠገባቸው ይቀመጥና ለክፍሉ ያስተርጉም። በአማርኛ ንባብ ጊዜ አንገቱን የሚደፋ ልጅ በዚህ ሰዓት ቀና ሲል፣ 59 ጓደኞቹ አፉን ሲጠብቁ፣ መምህሩ ስለዚያ ልጅ የነበረውን ግምት ይመረምራል። በድሬዳዋ ይህ ልጅ በየክፍሉ አለ። ሥራውን ከሳምንቱ በፊት ሰጥታችሁት ከሽማግሌው ጋር አስተዋውቁት፤ ድንገት ብትጠሩት ይደነግጣል።

ከመሰነባበታችሁ በፊት የሳምንቱን ጥያቄ ለእሳቸውም አቅርቡላቸው። የሚሰጡት መልስ ልጆቹ በቆርቆሮ ካገኙት ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ሁለቱም ይመዝገቡ።

ሐሙስ፦ መጻፍና መሥራት

በጠዋቱ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው አንድ አንቀጽ ይጻፍ፦ ትናንት ያየሁት አንድ ነገር። «ሁሉንም ጻፉ» ከተባለ «ሄድን፣ አየን፣ ተመለስን» ይሆናል። አንድ ብሎን፣ አንድ መስኮት፣ የሽማግሌው እጅ ይበቃል። ፊደል የምታርሙት ጽሑፉ አልቆ ጮክ ተብሎ ከተነበበ በኋላ ነው።

ከዕረፍት በኋላ 12ቱ ቡድኖች እያንዳንዳቸው አንድ ፉርጎ ይሠራሉ፦ ካርቶኑ አካሉ፣ ቆርኪው ጎማው። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት በሁሉም ፉርጎ እኩል ይሁን፣ አለበለዚያ ባቡሩ አይቀጠልም። ፉርጎው ላይ የጣቢያው ስምና ከዚያ የሚጫን አንድ ነገር ይሣል። መቀስ ለቡድን አንድ ብቻ ይሰጥ። ሁለት ጥሩ አንባቢዎች ደግሞ ለዓርብ ሰልፍ የሚኒ ሚዲያ ጽሑፍ ያዘጋጁ፤ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይብለጥ።

ዓርብ፦ ወላጆች ሲመጡ

ዓርብ ቀኑ አጭር ነው፤ የጁምዓ ሰላት ስላለ ዝግጅቱ ከ2:30 እስከ 4:00 ብቻ ይሁን። የከሰዓት ፈረቃ ከሆናችሁ ሥራውን በአንድ ቀን ቀደም አድርጋችሁ ሐሙስ 9:30 ላይ ማቅረብ ይሻላል። ገበያ የሚውሉ እናቶች ጠዋት መምጣት ያስቸግራቸዋልና አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለእነሱ ሲባል ሰዓት ማሻሻል ይገባል።

ንግግር አይብዛ። ልጆቹ በሲባጎው ሥር በየጣቢያቸው ይቁሙ፤ እንግዶች ከጅቡቲ ጀምረው እስከ አዲስ አበባ ይሂዱ፤ በየጣቢያው አንድ ልጅ ይንገራቸው። ሳንቲሙና ላጲሱ ድሬዳዋ ላይ ይቀመጥ፤ ወላጅም መጽሐፍ እየጨመረ ይሞክር። ሽማግሌውን ከፊት አስቀምጧቸው።

ነጥብ አሰጣጡ ከዝግጅቱ ይለይ። አፈ ቀላጤ ልጅ እንግዳ ያስደስታል፤ ይህ ግን ማወቁን አያሳይም። ሰኞ የተለጠፉትን ግምቶች ለየባለቤቶቻቸው መልሱና ከሥራቸው «አሁን የማስበው፤ ምክንያቴም» ብለው ይጻፉ። ሰኞ ጅብ ያለው ልጅ ዓርብ ስለ ብረት ጎማና ስለ 680 ሜትር ከጻፈ ለተከታታይ ምዘና የምትፈልጉት ማስረጃ በአንድ ወረቀት ላይ አለ። መጻፍ የሚቸገረውን ቆርቆሮውን ይዞ በቃል ያስረዳችሁ፤ እኩል ይያዝለት። ረቡዕ የቀረ ልጅ ከጓደኛው ደብተር አንድ ሥዕል ገልብጦ ጓደኛውን ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ።

ቆርቆሮውን፣ ሲባጎውንና የጣቢያ ካርቶኖቹን ትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል አስረክቡ፤ የሙከራውን ሰንጠረዥም ቅጂ አብራችሁ አስቀምጡ፣ የሚቀጥለው ዓመት ክፍል ውጤቱን ያነጻጽርበታል። ሳምንቱ ሙሉ ካልተፈቀደላችሁ ማክሰኞንና ረቡዕን ብቻ ያዙ። ከእነዚህ አንዱን መተው ግድ ከሆነ ጣቢያውን ተዉና ሽማግሌውን ክፍል ጥሩ።